ሰው የሚያስገባ ካሜራ

የአዋቂ ወሬ ልጅ ዘንድ የሚደርሰው መሐሉ ብቻ ነው። መጀመሪያው ሳይሰማው ያልፋል፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ "ሂጂ፣ ውጪ ተጫወቺ" ይባላል። እኔም እናቴን ከጅዳ የሚያስገባት ካሜራ ነው ብዬ ያመንሁት አንድ የወሬ መሐል ሰምቼ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሞኝ ግን አልነበርሁም። ዛሬም ቢሆን ያኔ የሰማሁትን ብቻ ሰጥታችሁ ፍረጂ ብትሉኝ፣ ያንኑ እፈርዳለሁ።

መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ላይ የአጎቴ የጋሼ ምስክር ቪዲዮ ቤት ነበረ። ከፊት የሙሽሮች ፎቶ የተለጠፈበት ባንኮኒ፣ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተሩና አዩብ። ጋሼ ምስክር ሰርግ ይቀርጻል፣ አዩብ ኤዲቲንግ ይሠራል። የከተማው ሰው "አንዱ ያያል፣ አንዱ ይዋሻል" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አዩብ እዚሁ ጭቃችን ላይ የቆመውን ሙሽራ ፏፏቴ ሥር ያደርሰዋል፣ ዘንባባ ያስጠጋዋል፣ ካሻውም ከነሚዜዎቹ ደመና ላይ ያስቀምጠዋል። አንድ ቀን የጎረቤታችን ልጅ በቬሎዋ ከአውሮፕላን መስኮት ብቅ ብላ እጇን ስታውለበልብ አየሁና፣ "መቼ ሄደች?" አልሁት።

"የት አባቷ ትሄዳለች! እኔ ነኝ ያስገባኋት" አለኝ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

ያ ቃል ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ነገሩ የሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ኅዳር ነው። ከሳዑዲ የሚመለሰው ሰው በአውሮፕላን በአውሮፕላን እየተጫነ አገሩ የሚራገፍበት ጊዜ ስለነበር፣ መካነ ሰላም "ገባ" ከሚለው ቃል ሌላ ወሬ አልነበራትም። የነእከሌ ልጅ ገባች፤ የእከሊት እህት ትናንት ገብታ አላህ ይመስገን ደህና ናት፤ የእከሌ ግን ገና አልገባችም። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። እኔም እሮጣለሁ።

እናቴ ሐረግ እዚያው ጅዳ ነበረች፣ የሰው ቤት ሠራተኛ። አባቴ ገና ሳልወለድ ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሄዶ፣ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀርቷል። እናቴ የሄደችው አፌን በቅጡ ሳልፈታ ስለሆነ፣ ያሳደጉኝ እናቷ እማማ በዛች ናቸው። እናቴን የማውቃት በስልክ ነው። መጀመሪያ አንድ የሚሻክር ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ድምጿ ይመጣል፣ ከዚያ እማማ ስልኩን ይቀሙኛል። መልኳን ከፎቶ ላይ አውቀዋለሁ፤ ፎቶ ግን አይዞርም፣ አይናገርም፣ አቅፎም አይስምም።

በዚያው ሰሞን ፋጢማ የምትባል ሴት ቪዲዮ ቤት መጣች። ከጅዳ የገባች ናት፤ በእረፍት ቀናቸው ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ጥቁር አባያዋ ከታች አቧራ ለብሷል። ስሜን ስትሰማ ጎንበስ አለችና አቀፈችኝ፣ ቶሎም አልለቀቀችኝም። "ያረቢ! እሷኑ አይደለች እንዴ!" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ ምስክርም የታወቀውን ትእዛዝ ሰጠ። "የኔአለም፣ ውጪ ተጫወቺ።"

ወጣሁ፤ ዞሬም በጓሮ በር ገብቼ የአዩብ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ አልሁ። ወሬው ተጀምሮ ደረስሁበት።

"…ማስገባት አልተቻለም፣ ወንድሜ" ትላለች ፋጢማ። "ወላሂ ብዙ ለፋን። ወረቀት የላትም አሉን።"

ጋሼ ምስክር ሳል የመሰለ ድምፅ አወጣ። ቆይቶም፣ "እማማ አይሰሙም" አለ። "ይርገዱም አትሰማም። ሰርጉ ይለፍ። ከሰርጉ በኋላ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ይርገዱ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል። እኔ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። እናቴ ልትመጣ ነው፤ ለሰርጉ ድንገት ደርሳ ልታስደስታቸው ስለሆነ ነው ማንም እንዳይሰማ የሚባለው። ችግሩ ማስገባቱ ላይ ነው። አፌን በሁለት እጄ አፍኜ ያዝሁት።

ዘግይቼ ያልሰማሁት የፊተኛው ቃል "ሬሳዋን" የሚል ነበር።

ፋጢማ ከስልኳ ውስጥ ሚሞሪ አውጥታ ሰጠቻቸው። "ይኸንን ለይርገዱ ሰርግ ብላ ነው በእኔ ስልክ የተቀረጸችው፤ ያኔ ደህና ነበረች" አለች። ኮምፒውተሩ ላይ ከፈቱት። ከራሴ በላይ የእናቴ ድምፅ፣ ያለዚያ የሚሻክር ነገር፣ ጥርት ብሎ መጣ። ምን እንዳለች ግን አልሰማሁም፤ ልቤ ይመታ ስለነበር ከልቤ በቀር የሰማሁት የለም። ድምፁ ሲያበቃ ጋሼ ምስክር፣ "አዩብ፣ ሐረግን ሰርጉ ላይ ታስገባታለህ?" አለው።

አዩብ ወንበሩን ሳብ አደረገ።

"ሰርግና ሞት አንድ ነው ብለዋል አባቶች" አለ። ይህን ተረት ከየሰዉ አፍ ስሰማው ስላደግሁ አልደነገጥሁም። "አስገባታለሁ። በዚህ ካሜራ ግን አይሆንም።"

የጋሼ ምስክር ካሜራ በትከሻ የሚቀመጥ፣ ካሴት የሚበላ አሮጌ ነበር። እማማ በዛች ሲያዩት ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ፤ "ያንን መትረየስ ወዲያ አዙርልኝ፣ የስንቱን ዘመን ጦርነት ያለፍሁት አንተ እንድትተኩስብኝ ነው?" ይሉታል። አዩብ ያኔ የዘረዘረው ምክንያት ዛሬ ይገባኛል። የእናቴ ምስል በጥሩ ስልክ የተቀረጸ ጥርት ያለ ነው፤ የካሴቱ ምስል ደብዛዛ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቆሙ እናቴ የተለጠፈች መሆኗ ያስታውቃል። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጡበት ዕቃም ሰሞኑን ተበላሽቷል። ስለዚህ ሰው የማያስፈራ ትንሽ፣ እንደ እናቴ ምስል የጠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቀረጸውን ኤዲቲንጉ የሚቀበለው ካሜራ ያስፈልጋል። "ሶፍትዌሩ ካልተቀበለው ከንቱ ነው፤ ልትገባ አትችልም" አለ አዩብ። እኔ ከሁሉ የያዝሁት ይህንን የመጨረሻውን ነው።

ደሴ ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ፤ ለሰርጉ ጫማ እንዲገዛልኝ እማማ አዘው ነበር። አቀስታ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ጋሼ ምስክር የገብስ ቆሎ ገዝቶ ጉያዬ ውስጥ አፈሰሰልኝና እሱ አንዲት ፍሬ ሳይቀምስ ወደ ውጪ ሲያይ ቆየ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን ሆንህ?"

"ብርዱ ነው" አለኝ።

እኔም ነጠላዬን አውልቄ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። የእህቱን ሞት ለብቻው ተሸክሞ ለእህቱ ሰርግ ካሜራ ሊገዛ የሚሄድ ሰው፣ ያቺን ነጠላ እንደያዘ ደሴ ደረሰ።

ሱቁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነበር። ባለሱቁ አብዱራህማን ሆዱ የገፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አዩብ ኤዲቲንጉ ያለበትን ላፕቶፕ ተውሶ ይዞ ስለነበር ባንኮኒው ላይ ከፈተው። "ሳልሞክር አልገዛም" አለ።

"ኧረ ቀምሰህ ግዛ!" አለው አብዱራህማን። "ጨው ከጎደለውም ንገረኝ።"

መጀመሪያ የወጣው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነው። ወደድሁት፤ ሶፍትዌሩ ግን አልወደደውም። አዩብ የቀረጸውን ሊያስገባ ሲል ኮምፒውተሩ አንዲት ቀይ ምልክት አውጥቶ እምቢ አለ። ሁለተኛው ደግሞ ገባ፤ ሲከፈት ግን የአብዱራህማን ድምፅ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ይላል እንጂ መልኩ የለም፤ ጨለማ ብቻ ነው። አዩብ ጸጉሩን አከከ። እማዬ እንዲህ ሆና ብትገባስ? ድምጿን ብቻማ በስልክም አለኝ።

ዛሬ ከዚህ ሥራ እንጀራ ስለምበላ ነገሩን አውቀዋለሁ። ካሜራው ምስሉን የሚጠቀልልበት መንገድና ሶፍትዌሩ የሚፈታበት መንገድ ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ አሁን በትንሽ ፕሮግራም የሚፈታ ነገር ነው። ያኔ ግን ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን። ከሦስታችን የሚፈልገውን ሌላ ሰው ያላወቀለት እኔ ብቻ ነበርሁ።

"አንዲት ቀርታኛለች" አለ አብዱራህማን፤ ከታችኛው መደርደሪያ ጥቁር፣ በመዳፍ የምትያዝ ካሜራ አወጣ። ጋሼ ምስክር ተቀብሎ እጄ ላይ አስቀመጣት። ከበደችኝ ብል ውሸት ነው። አብዱራህማን መልሶ ወሰዳትና ወደ እኔ አዞራት፤ "ሳቂ እስቲ፣ ሙሽሪት!" አለኝ። አልሳቅሁም። አዩብ ሚሞሪውን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እኔው ከነከንፈሬ ድርቀት፣ ከነጸጉሬ ቡን ማለት፣ ስክሪኑን ሞልቼ ቁጭ አልሁ።

"ተቀበለው!" ብሎ ጮኸ አዩብ።

እኔ ግን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ባንኮኒው ላይ ተንጠራርቼ አብዱራህማንን፣ "ሰው ያስገባል?" አልሁት።

"ሰው? አንድ ሰርግ ሙሉ ያስገባልሻል እንጂ!"

"ከጅዳም?"

አብዱራህማን ከትከት ብሎ ሳቀ። "ከጅዳም፣ ከሪያድም፣ ከፈለግሽ ከቤይሩት!"

አብሮት የሳቀ አልነበረም። ጋሼ ምስክር ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆመ፤ አዩብ የላፕቶፑን ገመድ ይጠቀልላል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይጠቀልላል። እኔ ምስጢራቸውን ስላወጣሁባቸው የተቆጡ መሰለኝና ከዚያ በኋላ እስከ መካነ ሰላም ትንፍሽ አላልሁም። ጫማውም ተረሳ።

ሰርጉ ደረሰ። ጋሼ ምስክር ትንሿን ካሜራ ይዞ ከድንኳን ድንኳን ሲዘዋወር እማማ በዛች እንኳ አልሸሹትም። "ይኸማ ምን አላት፣ ሳሙና ታክላለች" ብለው ፊታቸውን ገለጡላት። ቤተሰቡ ለፎቶ ሲሰለፍ ግን አንድ ያልተለመደ ነገር አዘዘ። ከእማማ በስተቀኝ አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ክፍት ይሁን አለ።

"ለማን ነው?" አሉ እማማ።

"ለሐረግ። አዩብ በኤዲቲንግ ያስገባታል። መልእክት ልካለች።"

እማማ እልል አሉ። ሙሽራዋ ይርገዱም የቬሎዋን ጫፍ ሰብስባ ቦታውን አሰፋች። የሰርግ ሰው ክፍት ቦታ አይወድም፤ አንዱ ሲመጣ አንዱ ሊገባበት ይላል። እኔ እጆቼን ዘርግቼ ጠበቅሁላት። ጎረቤታችን ጋሼ ይሄነው፣ ጠላው ሞቅ አድርጓቸው፣ ጎራ ሊሉ ሲሉ ሆዳቸውን ገፋሁ።

"ኧረ ይቺ ልጅ! ማን አለ እዚህ?"

"እማዬ ናት" አልሁ። "ልትገባ ነው።"

"እንግዲያ ደህና ትግባ፤ እኔም ዳር እቆማለሁ" አሉና እንደ አዋቂ አክብረውኝ ዞር አሉ። በቪዲዮው ላይ እስከ ዛሬ እዚያ ዳር ቆመው ይታያሉ።

የሰርጉ ዕለት አለመምጣቷ አላስከፋኝም። ኤዲቲንጉ ገና ነዋ።

ሙሽሮቹ ለመልስ በመጡ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ቪዲዮው እማማ ቤት ተከፈተ። ቤቱ ጢም ብሏል። እኔ ቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ጊዜ ስክሪኑን፣ አንድ ጊዜ በሩን አያለሁ፤ በየትኛው እንደምትገባ እርግጠኛ አልነበርሁም። የቤተሰቡ ሰልፍ መጣ። የተዘረጉት እጆቼ መጡ። ከዚያ ያ ክፍት ቦታ ላይ፣ ዳር ዳሯ ትንሽ እየተርገበገበ፣ እናቴ ብቅ አለች። ነጭ ሻሽ አስራለች። ትስቃለች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

"ገባችልኝ! ልጄ ገባችልኝ!" አሉ እማማ፤ ተነሥተውም ቴሌቪዥኑን ግንባሩ ላይ ሳሙት።

ከዚያ ለብቻዋ ሆና ተናገረች። ይርገዱን፣ "እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ማዕረግ አበቃሽ፤ የእኔን ድርሻ አንቺ ጨፍሪልኝ" አለች። ጋሼ ምስክርን "ወንድሜ፣ አደራ እማማን" አለችው። አዩብን "እስቲ ቆንጆ አድርገህ አውጣኝ" አለችው። ጋሼ ይሄነውን እንኳ፣ "የጓሯችንን ድንበር መግፋቱን ይተዉልንና ሰርጉ ላይ ይብሉ" ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። ተራዬ እስኪደርስ ወደ ስክሪኑ እየተሳብሁ ሄድሁ፤ አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። ያኔ ከላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ይዘንብ ጀመር፤ በአበባው መሐልም፣ "የኔ እናትዬ፣ አያስቡ፤ እኔ ደህና ነኝ" አለችና እጇን አውለበለበች፤ ጠፋች። የሙሽሮቹ ጭፈራ ቀጠለ።

"እኔስ?" አልሁ።

በጫጫታው ማንም አልሰማኝም። "እኔስ?" አልሁ ደግሜ። አዩብ እንዲመልሰው ነዘነዝሁት። መለሰው። ሁሉንም ጠራች፤ አሁንም እኔን አልጠራችኝም። ሦስተኛ እንዲመልስልኝ ስለምነው አዩብ "አብሽሪ፣ ነገ" ብሎኝ ወጣ። እማማ ጭናቸው ላይ ስበው አስቀመጡኝና፣ "'የኔ እናት' ያለችው አንቺንም ጨምራ ነው" አሉኝ። ደግ ናቸው፤ ለልጅ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥለትም። እማማን "አያስቡ" ብላ በአንቱታ እንደጠራቻቸው ሰምቻለሁ። እኔን አንቱ የሚለኝ የለም።

መልሱ ባለፈ ሳምንት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የነፍስ አባታችንና የዘመድ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ፤ ጋሼ ምስክር ከኋላቸው። በዚያ ሰዓት በር ላይ የሚቆሙ ወንዶች የሚያመጡት አንድ ነገር ነው። እማማ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ "ማንን?" ብለው ጮኹ። ስሟን ሲነግሯቸውም አላመኑም። "ሐሰት ነው! ያየኋትስ? ሳምንት እዚህ ቆማ የሳቀችው ማን ናት?" እያሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠቁማሉ። ጋሼ ምስክር እግራቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። ልትጠይቀን መጥታ ያደረችው ይርገዱ እንዳለች መሬት ላይ ተዘረጋች፤ የእጇ ሂና ገና አልለቀቀም።

እኔ ግን አላለቀስሁም። ለቀስተኛው ራሴን እየዳበሰ፣ "ልጅ ናት፣ አልገባትም" ይላል። ገብቶኝ ነበር፤ የሞተች ሰው እንደማትመጣ አውቃለሁ። ነገር ግን የጎረቤትን ስም አስታውሳ የእኔን የረሳች እናት ሞተች ብዬ የት ላይ ላልቅስ? እንባዬን እምቢ አልኋት። ቅያሜዬም አብሮኝ አደገ። "እናትሽስ?" ሲሉኝ "በልጅነቴ ሞታለች" እላለሁ፤ ስለ ሌላ ሰው የማወራ ነበር የሚመስለኝ።

አሁን ደሴ ነኝ። ሥራዬ ኤዲቲንግ ነው። አምና የይርገዱ ባል፣ ለጋብቻችን በዓል የሰርጉን ቪዲዮ አድሺልን ብሎ የድሮውን ሲዲ ላከልኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትሁት። እናቴ ያለችበትን ቦታ ዘልዬ ለማለፍ ነበር ሐሳቤ። አበባው ሲዘንብ ግን እጄ ቆመ። እኛ በዚህ ሥራ የምንኖር ሰዎች አበባ በከንቱ አናዘንብም፤ አበባ የሚዘንበው የተቆረጠ ነገር እንዳይታይ መሸፈኛ ነው።

ቀስ አድርጌ አየሁት። "የኔ" ስትል ሻሿ ከግንባሯ ከፍ ብሎ ነው፤ "እናትዬ" ስትል ቅንድቧ ድረስ ወርዷል። ድምፁን ለብቻው አውጥቼ ሰማሁት። "የኔ" ብላ አላቆመችም። ከኋላው አንዲት የ"አ" ጅማሬ አለች፣ በጣም አጭር፤ መቁረጫው ያልደረሰባት። "የኔ እናትዬ" አላለችም። "የኔአለም" ብላለች።

በማግስቱ መካነ ሰላም ወረድሁ። አዩብ አሁን ስልክ ይሸጣል፤ ጢሙ ሸብቷል። ሱቁ ውስጥ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ስልክ ሲመርጡ ነበር። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ፣ "አበባው ሥር የቆረጥኸው ምንድን ነው?" አልሁት።

የቱን አበባ ብሎ አልጠየቀኝም።

"ፋይሉ የለም፣ የኔአለም" አለ። "ኮምፒውተሩን ያኔውኑ ፎርማት አድርጌዋለሁ። የፋጢማም ሚሞሪ ጠፍቷል።"

"ምን አለች?"

"ምንም አላለች።" ባንኮኒውን በመዳፉ ይጠርግ ጀመር፣ አቧራ ሳይኖርበት። "ሁሉን ስትጠራ እየሳቀች ነው፤ አንቺም አይተሻል። ስምሽን ስትጠራ ግን አቃታት። 'የኔአለም' አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ፋጢማ 'አብሽሪ፣ አብሽሪ' ስትላት ይሰማል። ቆየች፣ በጣም ቆየች። ከዚያ ነው ሻሿን መልሳ 'እናትዬ፣ አያስቡ' ያለችው። ምስክር፣ እማማ ይህን ካዩ ይነቁብናል፣ ሰርግ ላይ ለቅሶ አይገባም አለ። እኔም ቆረጥሁት። ያ ሁሉ ለቅሶ ያንቺ ነበር።"

ባንኮኒውን ተደግፌ፣ ከዚያም ባንኮኒው ሥር ተቀምጬ፣ ያኔ እምቢ ያልኋት እንባ መጣች። ድምፅ አውጥቼ "እማዬ" አልሁ፤ እንደ ስምንት ዓመት ልጅ። መንገደኛው በበሩ አንገቱን ያስገባል።

ስልክ ሲመርጡ የነበሩት ሴት ደንግጠው፣ "ምን ሆና ነው ልጄ?" አሉት አዩብን።

"መርዶ ነው" አለ።

"ማን ሞቶባት?"

"እናቷ።"

ሴትዮዋ መቼ ብለው አልጠየቁም። የያዙትን ስልክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠው አብረውኝ ያለቅሱ ጀመር።